ለሁለት አሮጊቶች አንድ ትሪ

እናቴ ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲል ምን እንደምትፈልግ ብጠይቃት፣ «ከጎረቤቴ ጋር ካንድ ትሪ የበዓል ምግብ መብላት» አለችኝ። ጎረቤቷ በሚቀጥለው ሳምንት ጓዟን ጠቅልላ ሐርጌሳ ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። እናቴን ከአሁኑ ሆድ ብሷታል።

ሁለቱ በባቡር ሠራተኞች ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ ተጋርተው አርጅተዋል። ጎረቤቷን እኛ ልጆቹ «አዴ» እያልን ነው ያደግነው። ሽሮና ምስር ካንድ ትሪ ሺህ ጊዜ በልተዋል። በዓል ሲመጣ ግን ሥጋ ይመጣል። አዴ የክርስቲያን እርድ አትበላም፣ እናቴም የሙስሊም። ስለዚህ ለእንግዳዋ የራሷ ሰው ተጠርቶ ሌላ በግ ይታረዳል፣ ትሪዋም ለብቻ ይቀርባል። ፍቅር ነው፤ ግን ሁለት ትሪ ነው። «በጾም አንድ፣ በፍስክ ሁለት» ትላለች እናቴ፣ እያሾፈችም እየከፋትም።

ምግብ ቤት መምረጡ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ በቁሜ ሳላልም የምሠራው ነገር የለም። ድሬ ከምሳ በኋላ በሙቀት ስታንቀላፋ ከዚራ ሰፈርን ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እዞራለሁ። በየምግብ ቤቱ በር ቆሜ ሁለቱን አሮጊቶች በሐሳቤ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ ጋ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፤ አዴ ሻሿን ወደ ጆሮዋ ስትስብ ታየችኝ። ሌላው ጋ ወንበሩ ረጅም ነው፤ የእናቴ እግር ተንጠልጥሎ ቀረ። ሦስተኛው ጋ ሁሉም አማረልኝ፤ የዛፉ አበባ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አስተናጋጁ ምን እንዳለ ሲነግረኝ ግን ሥጋ፣ ዶሮ፣ አሁንም ሥጋ። ነቃሁ። የጾሙን በየዓይነቱማ ቤታቸውም በልተውታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ያ የምንጠብቀው ነፋስ ሲነሳ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ሰዎች ዓሣ ጉላሽ ሲበሉ አየሁ። ዓሣ! ዓሣን ማን ያርደዋል? ለሁለቱም የተፈቀደ ነው። በሰፈራችን ወጥ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ አንዳችንም ትዝ አላለንም። ለልደቷ ቀን፣ ለማክሰኞ፣ እንዲያስቀምጡልኝ ለምኜ፣ እየተንሳፈፍኩ ቤቴ ገባሁ። ለሴቶቹ ግን ምንም አልነገርኳቸውም፤ ድንገት ደስ ይበላቸው ብዬ።

ማክሰኞ አመሻሹን ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ጉላሹ በቃሪያና በሽንኩርት ተሸፍኖ፣ ጥብስ መስሎ መጣ። ትሪው በመሐላቸው ሲቀመጥ ሁለቱም በደንብ ሳያዩት ፊታቸውን ዞር አደረጉ። የዕድሜ ልክ ልማድ ነው።

«ብዪ፣ ያንቺ ቀድሞ መጣ» አለች እናቴ።

«ወላሂ የኔ አይደለም። የልደቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ አንቺ ብዪ። የኔም ይመጣል፣ አቦ!» አለች አዴ።

አንዷ ሌላዋን ስትጋብዝ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ትሪ ሲጠብቁ እንፋሎቱ አለቀ። ስንት ቀን ያለምኩት ራት ዓይኔ እያየ በረደ። አላስቻለኝም።

«ዓሣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የሁለታችሁም ነው። ሌላ ትሪ አይመጣም!»

አዴ ጎንበስ ብላ አየች፣ አሸተተች።

«ዓሣ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ዓሣ ነበረ?»

እጇን ዘርግታ ጠቀለለችና እናቴን አጎረሰቻት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆይታ አኘከች። በየበሩ ቆሜ ያየሁት ይህንኑ ነበር፤ እንባዋን ብቻ አላየሁትም ነበር።

አዴ ሁለተኛውን ጠቅልላ ዘረጋች። እናቴ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ተቀበዪኝ እንጂ፣ አቦ! አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

«ያጣላን» አለች እናቴ። «ለመታረቅ ስትዪ ትመለሻለሽ።»