በወንድሜ እስር ላይ የፈረምኩት ደብዳቤ

ያቺን ዳኛ ዛሬም መንገድ ላይ ባገኛት ሰላም አልላትም። ክፉ ቃል ተናግራን አይደለም። ከመዝገቡ ቀና እንኳ ሳትል፣ የምስክሮች ቃል ግልባጭ ስላልተያያዘ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል ትልና ቀጣዩን ታስጠራለች። ይህንን ሰባት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን ለምን አልተያያዘም ብላ ስትጠይቅ አልሰማሁም።

ወንድሜ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። የተሰረቀ መኪና እዚያ ተገኘና ከጋራዡ ባለቤት ጋር ተከሰሰ፤ ዋስትናም ተከለከለ። ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ጠዋት ተሰምተው አልቀዋል። ቃላቸው የተቀዳው በድምፅ ስለሆነ አንድ ሠራተኛ አዳምጦ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ዳኛዋም አንብባ መወሰን ነበረባቸው። የቀረው ሥራ ይኸው ነበር። ግልባጩ እስኪያያዝ ብቻ ልጁ ዓመት ከአራት ወር ማረሚያ ቤት ተቀመጠ።

እህቱ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ፋይል እንዴት እንደሚተኛ አውቃለሁ። በየቀጠሮው ከአለቃዬ ፈቃድ ለምኜ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። አንድ ቀን ኮምፒዩተር ተበላሽቷል፣ ሌላ ቀን የሚገለብጠው ሰው ስልጠና ላይ ነው ይሉኛል። መስኮቱ ላይ የማገኘው ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ልጅ ነው። ባየኝ ቁጥር እማዬ ደህና መሆኗን ይጠይቀኛል። የሚገለብጠው ሰው እሱ ራሱ መሆኑን የነገረችኝ አጠገቡ የምትሠራ ሴት ናት። ያን ቀን ደሜ ፈላ። ስንት ጊዜ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ሄጃለሁ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ሠራተኛውን ብቻ እንድከስ፣ ዳኛዋን እንዳልነካ መከሩኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መሆን አልፈለግሁም። ሁለቱንም ጻፉልኝ አልኩና ቅሬታ ሰሚው ክፍል አስገባሁ። በአምስተኛው ቀን ግልባጩ መዝገቡ ላይ ተያያዘ። ዓመት ሙሉ የተኛው ሥራ የፈለገው አምስት ቀን ብቻ ነበር። ሠራተኛው መልስ ስጥ ተብሎ ተጠራ፤ ሊባረር ነው የሚባል ወሬም ተሰማ።

እሁድ ዕለት ሽማግሌ መጣ። ሦስቱም የእድራችን ሰዎች ናቸው። ካዛንቺስ ከፈረሰ በኋላ ሁላችንም ተበታትነናል፤ እኛ ቄራ ነው የተከራየነው፤ እነሱ ሁለት ታክሲ ይዘው መጥተዋል። እማዬ ወንበር አቀረበች። ጉዳያችን ካልተፈጸመ አንቀመጥም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። አንዱ ከሰማንያ ያለፉ ናቸው፤ እግራቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ሠራተኛው ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ ቢባረር ቤቱ እንደሚፈታ ተናገሩ። እኔም ወንድሜ ዓመት ከአራት ወር እንደታሰረ ነገርኳቸው። እሱማ እግዜር ያስፈታዋል አሉ። ለእሱ እግዜር፣ ለሠራተኛው ሽማግሌ! ከዚያ ትልቁ ሰውዬ፣

«ሰፈራችን ፈረሰ፣ ልጄ። እኛም እርስ በርሳችን እንፍረስ?» አሉኝ።

እማዬ ማልቀስ ጀመረች። ሽማግሌ በሯ ላይ ቆሞ መቅረቱ ከልጇ መታሰር ባልተናነሰ አሳፍሯታል። ግልባጩም ተያይዟል፤ ከእንግዲህ ምን ይመጣል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ያመጡት ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ያለቀ ነበር። ቅሬታዬ በስህተት የቀረበ ስለሆነ ይሰረዝልኝ ይላል። ፈረምኩ። ተቀመጡና መረቁን።

ደብዳቤው ሠራተኛውንና ዳኛዋን አልለየም። ዳኛዋ ሽማግሌ መላክ እንኳ ሳያስፈልጋት ተሰረዘላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ውሳኔው ተሠርቶ አልደረሰም አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀጠሮም ያው ሲሆን ቅሬታ ሰሚው ክፍል ተመልሼ ሄድኩ። ኃላፊው መዝገብ አውጥቶ ፊርማዬን አሳየኝ።

«ቅሬታዎ ስህተት እንደነበር ራስዎ ጽፈዋል፤» አለኝ። «አሁን ደግሞ እንመንዎት?»

ክፋት አልነበረበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር፤ ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

ቅዳሜ ወንድሜን ልጠይቅ ሄድኩ። በመሃላችን ሽቦ አለ፤ ጠያቂው ስለሚበዛ ካልጮኹ አይሰማም። ያ ቅሬታ ከምን ደረሰ ብሎ ጠየቀኝ። ለካ መሰረዙን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነገርኩትም ነበር። ሽማግሌ ተልኮብን ይቅር ብለነዋል አልኩት፤ «ብለነዋል» የምትለዋን ስጮህ በራሴ አፈርኩ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ። «የታሰርኩት እኔ፤ ይቅር ባይዋ አንቺ?»

እውነቱን ነው። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዲት እናትና አንዲት እህት በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን የእሱን ዓመት ከአራት ወር ለሰው ስንሰጥ፣ አንዳችንም እስቲ ልጁ ይጠየቅ አላልንም። የመጠየቂያው ሰዓት ሳያልቅ ጀርባውን ሰጥቶኝ ገባ።

ነጻ ነህ የተባለው ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ዳኛዋ ያነበበችው ውሳኔ ሁለት ገጽ አይሞላም። ሠራተኛው ዛሬም መስኮቱ ላይ ነው። ወንድሜ ከማረሚያ ቤቱ በር ሲወጣ እማዬን አቅፎ አገላብጦ ሳማት። እኔም ልስመው ስጠጋ እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት።