ለብ ያለ አተር

ሠራተኞቹ “እትዬ ቴርሞሜትር” ይሏታል፤ ከኋላዋ እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍራት የለም። የያዘችውን ነገር ሁሉ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም፣ የምትጠጣውን ሻይ ሳይቀር። አባቷ ይህን አረንጓዴ አተር እንደ በረዶ አቀዝቅዞ የሚያሽግ ፋብሪካ ሲያቋቁም አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማምረቻው አዳራሽ አልወጣችም። አባትየው ሲሞት ወንበሩ ለታናሽ ወንድሟ ተሰጠ። ወንድ ነው፣ ሱፍ ያምርበታል፣ ንግግር ያውቃል። ማሽን ግን አያውቅም። ይህን ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፤ ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

አምና አሮጌው ማቀዝቀዣ አቅም ከዳውና አተሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ወጣ። ለትምህርት ቤቶች ምግብ የሚያዘጋጀው ወጥ ቤት ከምርታቸው ግማሹን ይወስድ ነበር። የወጥ ቤቱ ኃላፊ፣ ጠንካራ ሴትዮ ናቸው፣ ጭነቱን እንዳለ መለሱት። አዲስ ማቀዝቀዣ ልንገዛ ነው ብትላቸው፣ “አዲሱን ማሽን አንቺ በዓይንሽ አይተሽ ደህና ነው ካልሽኝ እመለሳለሁ” አሏት። “የሌላ ሰው ወሬ አልሰማም።” እንግዲህ የስልሳ ሰው ሥራ በእሷ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

እሷ የመረጠችው ከሥር ቀዝቃዛ አየር እየነፋ አተሩን የሚያዘልለውን፣ እያንዳንዷን ፍሬ ለየብቻ የሚያቀዘቅዘውን ማሽን ነበር። የወንድሟ ዓይን ያረፈው ግን ሌላ ላይ ነው፦ ቁም ሣጥን የመሰለ፣ በሩ የሚያብረቀርቅ፣ አተሩን በትሪ ደርድረው የሚዘጉበት። ሦስት ጊዜ ነገረችው፣ ሦስቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በመጨረሻ “በቃ፣ ሻጩ ጋ ሄደን በራሳችን አተር እንሞክረው” አላት።

ሻጩ ትሪውን ከማሽኑ ስቦ ሲያወጣው አተሩ እንደ ጠጠር ተንኮሻኮሸ። አንድም የተጣበቀ የለም።

“አየሽ እታለም?” አለ ወንድሟ።

“ሲገባ ስንት ዲግሪ ነበር?”

ሻጩ ወንድሟን ገልመጥ አደረገው። “አራት ነው እትዬ። ትናንት የላኩልንን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረነው ነበር።”

“ፍሪጅ አሳድሩት ያላችሁ ማነው?”

“እኔ ነኝ። እንዳይበላሽ ብዬ ነዋ” አለ ወንድሟ።

ደሟ ፈላ። በእነሱ ፋብሪካ አተር ከፈላ ውሃ ይወጣል፣ በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፣ ለብ እንዳለ ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። ፍሪጅ ማደር የሚባል ነገር የለም፤ ቀዝቅዞና ውሃው ጠፍፎ ያደረ አተርማ በየትኛውም ማሽን አይጣበቅም። ዘጠኝ ዓመት ሥራ አስኪያጅ የተባለ ሰው ይህን ካላወቀ እዚያ ወንበር ላይ ምን ሲሠራ ከረመ?

ይህን ጉድ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ጠዋት ከማምረቻው አዳራሽ ስትወጣ ለብ ያለ አተር በሁለት ትልልቅ ቴርሞስ ሞልታ መኪናው ውስጥ ጭናለች። እሱን ትሪ ላይ ዘርግታ አስገባች። ሻጩ እስከዚያ ያወራውን ወሬ ሁሉ አልሰማችውም። በሩ ሲከፈት አተሩ አንድ ጡብ ሆኖ ወጣ። አንስታ ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገችው፤ ጠርዙ ላይ ሦስት ፍሬ ቢረግፍ ነው።

“ይኼን ለልጆቹ በመጋዝ እየቆረጡ ያቅርቡላቸው?” አለች።

መኪና ውስጥ ገብተው ጥቂት እንደሄዱ ወንድሟ ዳር ይዞ ቆመ።

“እታለም፣ የማሽኑን ግዢ ውል ባለፈው ሳምንት ፈርሜያለሁ።”

“ታዲያ ዛሬ ለምን አመጣኸኝ?”

“አይተሽው እንድትደውዪላቸው ነዋ። ሴትዮዋ የሚያምኑት አንቺን ነው። ለማሽኑ ደግሞ አንቺ መላ አታጪም፤ እንደምንም ታስተካክዪዋለሽ።”

እንደምንም። የተቃጠለውን ሞተር በእሑድ ቀን ያስጠገነችው እንደምንም ብላ ነው። እሱ ሰድቦ ያባረረውን መካኒክ ቤቱ ድረስ ሄዳ ለምና የመለሰችውም እንደምንም ብላ ነው። እሱ ሆዬ ያንን ሁሉ ከማሽኑ ጋር እንደሚመጣ መለዋወጫ ቆጥሮታል። በሕይወቷ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ በእሱ ብቻ ሳይሆን በራሷም ጭምር፣ ይህን ያስለመደችው እሷው ናትና።

ስልኳን አወጣችና እሱ እንዲሰማ አድርጋ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ደወለች።

“ማሽኑን አየሁት እትዬ። አይሆንም። አተሩ ተጣብቆ ነው የወጣው። ዘንድሮ ከእኛ አይጠብቁ፣ ለልጆቹ ከሌላ ቦታ ይፈልጉላቸው።”

ሴትዮዋ “እሺ ልጄ” አሉና ዘጉ።

የወንድሟ ፊት አመድ መሰለ። “የአባታችንን ቤት ዘጋሽው” አለ።

“ውሉን የፈረምከው አንተ ነህ፣ ሂድና አፍርሰው። የሚሆነውን ማሽን ስናስገባ መልሼ እደውልላቸዋለሁ። አዙር።”

“ምን ብዬ ነው የማፈርሰው?”

“አተር በፋብሪካዬ እንዴት እንደሚመረት አላውቅም ነበር በላቸው።”

መሪውን አዞረው። የሻጩ በር ላይ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እንደ ሁልጊዜው ቀድማው እስክትወርድ ጠበቃት። እሷ ግን ቀበቶዋን አልፈታችም።