እንግዳ የሚጠብቁ መጻሕፍት

መጻሕፍቱን የጫነችው መኪና ሲግናል ሰፈር ካለው የጠበቆች ማኅበር ሕንፃ በር ላይ ስትቆም ዳርቱ ገመዳ እልል አለች። የሕንፃው ሰው ሁሉ ሠርግ መስሎት በመስኮት ብቅ ብቅ አለ። አይፈረድባትም። በማኅበሩ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ስታገለግል ፀጉሯ ሸብቷል፤ አዲስ መጽሐፍ ግዙልኝ ብላ ያልነዘነዘችው ኃላፊ የለም።

ካርቶኖቹ ሲከፈቱማ ጉድ ነው! የሰበር ውሳኔ ቅጾች ከነተከታታያቸው፣ የንግድ ሕግ ማብራሪያ፣ የውርስ ሕግ መጽሐፍ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተሰናዳ የሕግ መዝገበ ቃላት። ኮምፒውተርም መጥቷል፤ «ውርስ» ብለው ሲጽፉበት ፍርድ ቤት ስለ ውርስ የወሰነውን ሁሉ ዘርግፎ ያወጣል። ዳርቱ የካ ሚካኤል አካባቢ ከገበሬ ቤት የተወለደች ናት፤ የአባቷ ማሳ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። መዝገበ ቃላቱን ገልጣ «መሬት» የሚለውን ቃል በሁለቱም ቋንቋዎቿ ጎን ለጎን ስታየው እንባዋ መጣ።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሀብት ምን አደረገች? እያንዳንዱን መጽሐፍ በላስቲክ ለበደች። ባለ መስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድራ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ኮምፒውተሩንም ዳንቴል አለበሰችው።

አንድ ቀን የማኅበሩ ኃላፊ አቶ ኢታና ገብተው ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ።

«ወይዘሮ ዳርቱ፣ የፊታችን ዓርብ ተመልሼ እመጣለሁ። አንባቢ ካላየሁ ክፍሉ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል፤ መጻሕፍቱም ምድር ቤት ይወርዳሉ» አሏት።

ምድር ቤት! ያ እርጥበት፣ ያ አይጥ! ዳርቱ ምግብ አልበላ አላት። «የዛሬ ጠበቃ ማንበብ አይወድም» እያለች ተንገበገበች፤ ነገሩ ግን የአብዬን ወደ እምዬ ነበር። በሩ ላይ «አዲስ መጻሕፍት ገብተዋል» ብላ ለጥፋ፣ የመጣውን ሁሉ «ለጊዜው በመስታወቱ እዩ» እያለች የምትመልሰው ራሷ ናት።

ረቡዕ ጠዋት ናፍቆት የምትባል ወጣት ጠበቃ እያለከለከች ገባች። ከሰዓት በኋላ የውርስ ክርክር ቀጠሮ አለባት።

«እትዬ ዳርቱ፣ የውርሱን መጽሐፍ ፕሊስ! አንዴ ብቻ!»

«አይሆንም የኔ ልጅ። ገና አዲስ ነው እኮ፣ ይበላሻል።»

ናፍቆት ቁም ሳጥኑን አየች፣ ዳንቴሉን አየች፤ ሳቋ አመለጣት።

«እንደ ቡፌ ብርጭቆ ለእንግዳ ነው ያስቀመጡት?»

«አዎ! ምን አለበት?»

«ታዲያ እንግዳው ማን ነው? እኔ ምንድን ነኝ?»

ዳርቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ ቤቷ ያለው ቡፌ ትዝ አላት። ብርጭቆዎቹን ለእንግዳ ብላ ገዝታ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ለትልቅ ቀን ይሁኑ» እያለች በፕላስቲክ ኩባያ ነው የምታጠጣው። በጣም አፈረች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ናፍቆት መጽሐፉን ስትገልጠው አዲሱ ጀርባው ቀጭ አለ፤ ዳርቱ ዓይኗን ጨፍና ቻለችው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት! ናፍቆት ዳንቴሉን ገፋ አድርጋ ኮምፒውተሩ ላይ የምትፈልገውን ውሳኔ ስታገኝ፣ ከእሷ በላይ የጮኸችው ዳርቱ ናት። ኮሪደር ላይ ያገኘችውን ጠበቃ ሁሉ ክንዱን እየያዘች «ና ግባ፣ ጉድ ላሳይህ!» ትል ጀመር። ናፍቆትም ለጓደኞቿ ደወለች፤ እነሱም ለጓደኞቻቸው። ሐሙስ ከሰዓት መስኮቱ ሥር ቆሞ የሚያነብ ሁሉ ነበር።

ዓርብ አቶ ኢታና ክፍሉን የሚለኩ ሁለት ሠራተኞች አስከትለው መጡ።

«ወይዘሮ ዳርቱ!» ብለው በሩ ላይ ሲጣሩ አንባቢው ሁሉ ቀና አለ።

ዳርቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ!» አለቻቸው። አለቃዋን!

አቶ ኢታና ዙሪያውን ተመለከቱ። መቀመጫ ቢፈልጉ አንድም የለም። ወደ ሠራተኞቹ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለስብሰባው ሌላ ክፍል እንፈልግ» አሉ።

ሠራተኞቹ ሄዱ፤ እሳቸው ግን ቀሩ። ቁም ሳጥኑን ትንሽ ቃኙና ጠጋ ብለው ጠየቋት።

«የንግድ ሕጉ ማብራሪያ የት አለ?»

ዳርቱ ፊቷ በራ።

«ሰው ይዞታል፤ ወረፋ ይያዙ።»