እናቴና የደሴቱ አዳሪ ትምህርት ቤት

እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር መጥታ አውሮራ ከተማ እኛ ዘንድ መኖር የጀመረችው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በረዶ መጣል በጀመረበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ታክሲ ስለሚነዳ ገና ሳይነጋ ወደ አዲሱ ኤርፖርት ይወጣል። እኔም ከቁርስ በኋላ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። እናቴ መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት፤ ከሰው ጋር ሳትከራከር፣ ሳትስቅና ሳትመርቅ የዋለችበት ቀን አልነበራትም። አሁን ግን አፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ሆና፣ በመስኮት የቆሙ መኪናዎች ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ካፖርቷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«የትም። ድንገት ወጣ የሚያደርገኝ ሰው ቢመጣ ዝግጁ ልሁን ብዬ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ይዣት ወደ ሥራ ሄድኩ።

የምሠራው ሃቫና ስትሪት ላይ፣ በአንድ የኮሪያ ምግብ ቤትና በአንድ ፀጉር ቤት መካከል በተሸጎጠች ትንሽ የቪዲዮ ማከራያ ነበር። አሠሪዬ በዕድሜ ከእናቴ ጋር የሚቀራረቡ ኮሪያዊት ናቸው። ከአገራቸው ቴሌቪዥን የተቀዱ ድራማዎች በየሳምንቱ በካርቶን ይመጡላቸዋል፤ ጓዳ በደረደሯቸው የቪዲዮ ዴኮች እያባዙ ያከራያሉ። እኔ ተከራይተው የተመለሱትን ካሴቶች አጠነጥንና ቦታቸው እመልሳለሁ። ኮሪያኛ ማንበብ ባልችልም ርዕሶቹን በመልካቸው ለይቻቸዋለሁ። አንዱ መሰላል ይመስለኛል፣ ሌላው ባርኔጣ የደፋ ሰው።

አሠሪዬ ጥብቅ ሴት ነበሩ። ካሴት ገልብጬ ካስቀመጥኩ ምላሳቸውን «ጭ» አድርገው ያቃኑታል እንጂ አይናገሩኝም። እናቴን ይዤ ስገባ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን እናቴን ከእግር እስከ ራሷ አዩና፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የእናቴን ቀዝቃዛ እጆች ያዙ፤ ከዚያ ከማንም ጋር የማይጋሯትን ባለትራስ ወንበራቸውን ከማሞቂያው አጠገብ አመጡላት። በእንግሊዝኛ «ማማ፣ ሲት» አሏት። ያን ቀን እናቴ የዙሁር ሰላት ደርሶ መስገጃ ቦታ በዓይኗ ስትፈልግ፣ ምን እንደምትፈልግ ለማስረዳት ሳልጀምር፣ አሠሪዬ ከጓዳ ባዶ ካርቶኖችን ገፍተው ወለሉን ጠረጉላት። ከዚያ ወዲያ እናቴ በየቀኑ ከእኔ ጋር መምጣት ጀመረች።

ከምሳ በኋላ ደንበኛ ይቀንሳል። ያኔ አሠሪዬ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን ከፍተው አዲስ የመጣውን ድራማ ይመለከታሉ። በዚያ ሰሞን የያዙት የሚያስፈራ ድራማ ነበር። ታሪኩ በጭጋግ በተከበበ ደሴት ላይ፣ ከአንዲት ጀልባ በቀር መገናኛ በሌለው የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ይካሄዳል። አንዲት ቀጭን ልጅ አዲስ ገብታ፣ ከጎኗ አልጋ ከምትተኛ ልጅ ጋር ወዳጅ ትሆናለች። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ ያች ጓደኛዋ የለችም። አልጋዋም የለም። የት ሄደች ብላ ስትጠይቅ፣ አስተማሪዎቹም ተማሪዎቹም «እንዲህ ያለች ልጅ እዚህ ኖራ አታውቅም» ይሏታል።

ይህን ያወቅነው አሠሪዬ በእንግሊዝኛ ቆራርጠው ሲነግሩኝ ነው። «ጓደኛ ጠፋ። ሁሉም ‹የለም› ይላል። ግን አለ!» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ለእናቴ በአማርኛ እነግራታለሁ። ብዙ ጊዜ ግን እናቴ ከእኔ ቀድማ ታውቀዋለች።

«ይቺን የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር አላመንኳትም» አለችኝ ገና በመጀመሪያው ካሴት።

«ድምፅዋ እንዴት ለስላሳ እንደሆነ አልሰማሽም?» አልኳት።

«ለዛ ነዋ! ጨርቅ ሊያጭበረብረኝ የሚመጣ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያወራው።»

አሠሪዬ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ፤ ለካ እሳቸውም ሴትየዋን ጠርጥረው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እኔ አላስፈለግኋቸውም። ልጅቷ በጨለማው ኮሪደር ስትሄድ እናቴ «ያ አላህ፣ ተመለሽ!» ትላለች፣ አሠሪዬ በኮሪያኛ ይጮኻሉ፣ ሁለቱም አንዳቸው የሌላኛቸውን ክንድ ጨምቀው ይይዛሉ።

እናቴን የለወጣት ክፍል የመጣው ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። ልጅቷ ራሷን መጠራጠር ጀምራለች፤ ጓደኛዬን በሕልሜ ነው ያየኋት እንዴ እያለች ግድግዳ ትዳስሳለች። በመጨረሻ እናቷ ጋ እንድትደውል ይፈቀድላታል። ስልኩ ያለው ዳይሬክተሯ ቢሮ ነው፤ ዳይሬክተሯም እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ፈገግ ብላ ቆማለች። እናትየዋ ከወዲያ ትጠይቃለች። ልጅቷ አንድ ቃል መልሳ ስልኩን ትዘጋለች።

«ምን አለቻት?» አለች እናቴ።

አሠሪዬን ጠየቅኋቸው። «‹ደህና ነኝ› አለች» አሉኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ክፍሉ እስኪያልቅ አሠሪዬ ያቀረቡላትን የገብስ ሻይ አልነካችውም። በማግስቱ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቤት ቀረች። በሌላውም ቀን እንዲሁ። አሠሪዬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያሉ «ማማ የታለች?» ይሉኛል። የሚቀጥለውን ካሴት ብቻቸውን ማየት አልፈለጉም፤ ደንበኞች እንዳይወስዱት ባንኮኒው ሥር ደበቁት።

በሳምንቱ መጨረሻ «ሴትየዋ አንቺን እየጠበቁ ካሴቱን አላዩትም» ብዬ እናቴን በግድ አስነሳኋት። ሱቁ በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። ሞተሩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፣ ይሙቅ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እውነቱን ትነግሪኛለሽ?»

«ምንድን ነው?»

«አንቺም እንደዛች ልጅ ነበርሽ?»

ወዲያው ገባኝ። እኔም አዳሪ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ ከሰፈራችን ወጣቶች እየተለቀሙ በሚወሰዱበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ እናቴ ከአዲስ አበባ ራቅ ያለ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። ያኔ ገና ጡት እንኳ አላወጣሁም ነበር። እዚያ ስለነበረኝ ኑሮ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም፣ እኔም አንስቼባት አላውቅም።

«እኛ ጋ ሰው አልጠፋም፣ እማዬ» አልኳት፣ ላስቃት ፈልጌ።

አልሳቀችም። «ጎረቤት ያለው ባለሱቅ ጋ ስትደውዪልኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የምትዪኝ። ደህና ነኝ። በልተሻል ስልሽ፣ ደህና ነኝ። ብርዱስ ስልሽ፣ ደህና ነኝ። አጠገብሽ የሚቆም ሰው ነበር?»

ነበር። የእኛም ትምህርት ቤት ስልክ ዳይሬክተሯ ቢሮ ነው የነበረው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወረቀታቸውን እያገላበጡ ይቀመጣሉ እንጂ ትከሻዬን አይነኩም። እኔ ግን እሳቸው ፊት ማልቀስ አሳፍሮኝ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ እንደነበር፣ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቅስ እንደነበር፣ ከዚያ ጓደኞች እንዳገኘሁና እንደለመድኩት ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ የምናወራው ነገር ሲገኝ አንዱን ቃል አንዱ ይስበዋልና፣ ሳላስበው ስለዚያች እሁድም አወራሁ።

በወር አንድ እሁድ ወላጅ ይጠይቀን ነበር። እናቴ ሁልጊዜ ትመጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀረች። ከጠዋት ጀምሬ በሩ ፊት ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። የሌሎቹ ልጆች እናቶች መጥተው ተመለሱ፤ የእራት ደወል ተደወለ፤ እኔ አልተነሳሁም። በኋላ መንገድ ተዘግቶ እንደነበር ሰማሁ።

እናቴ የመኪናውን የፊት መስታወት እያየች አዳመጠችኝ። ማሞቂያው ይነፋል፤ ከውጭ በረዶው ከጣሪያው ላይ እየቀለጠ ይንጠባጠባል።

«መጥቼ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«መንገዱ እንደተከፈተ። በሥራ ቀን። ዘበኛው ዛሬ የጥየቃ ቀን አይደለም ብሎ ከለከለኝ። ለመንኩት። ቢያንስ አጥሩ ጋ ሄደሽ እዪያት አለኝ። ሜዳው ላይ ነበርሽ። ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ከልጆች ጋር ትሯሯጫለሽ። አንዷ ልጅ ወድቃ አንቺ በሳቅ ሆድሽን ይዘሽ ነበር።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ብጠራሽ ታለቅሻለሽ። ስታለቅሺ ደግሞ ይዤሽ እመለሳለሁ። ይዤሽ ከተመለስኩ ሰፈር ውስጥ ምን እንደሚጠብቅሽ አውቃለሁ። ስለዚህ አጥሩን ይዤ ሳይሽ ቆየሁ። ከዚያ ያመጣሁልሽን ለዘበኛው ሰጥቼው፣ ተልኮላት ነው በላት አልኩት።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ሙሽበክ። ዘበኛው «ከቤት ተልኮልሻል» ብሎ ሰጠኝ። ሽሮፑ ጋዜጣውን አርሶት ነበር፤ ከጓደኞቼ ጋር ተካፍለን ጣታችንን ስንልስ አመሸን። ማን እንዳመጣው ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም። እሷ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ መጥታ፣ ሳትነካኝ ተመልሳለች።

እጇን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግኩት። «ደህና ነበርኩ» አልኳት። «ያን ቀን የምሬን ነው፣ ደህና ነበርኩ።»

«አይቼሽ የለም እንዴ» አለችኝ፤ ከዚያ ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን።

የመኪናው መስኮት ተንኳኳ። አሠሪዬ ናቸው። ኮት ሳይደርቡ፣ የበረዶ አካፋ ይዘው ወጥተው ዓይናቸውን አጨንቁረው ፊታችንን ያያሉ። የተጣላን ስለመሰላቸው መስኮቱን ሳወርድ ጣታቸውን እኔ ላይ ቀሰሩ። «ማማን አስለቀስሽ?» ብለው ተቆጡኝ። እናቴ ምን እንዳሉ ሳትጠይቅ በሩን ከፍታ ወረደችና አቀፈቻቸው። በረዶው ላይ እንዳይንሸራተቱ እየተደጋገፉ ወደ ሱቁ ገቡ፤ አካፋውን እኔ ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

የተደበቀው ካሴት ወጣ። ያንን ከጨረስን በኋላ የመጨረሻውን ለማየት ሌላ ሳምንት ጠበቅን። የጠፋችው ልጅ በሕይወት ተገኘች። ከደረጃ ወድቃ ጭንቅላቷ ተጎድቶ ኖሯል፤ ዳይሬክተሯ የትምህርት ቤቱን ስም ለማዳን ስትል በሌሊት ወደ የብስ አሻግራ ደብቃታለች፤ ሌሎቹንም አስፈራርታ አንድ ቃል አስጠንታቸዋለች። ነገሩን ያፈረሰችው የቀጭኗ ልጅ እናት ናት። ያን «ደህና ነኝ» ሰምታ አላመነችውም። የጀልባዋ ነጂ አልሄድም ሲላት፣ ዓሣ አጥማጅ ለምና፣ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ተሳፍራ ደሴቱ ላይ ወረደች። እርጥብ ቀሚሷን ሰብስባ ዳገቱን ስትወጣ እናቴ ከወንበሯ ተነሳች።

«ደረሰችላት!» አለች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰችላት!»

አሠሪዬ ካሴቱን አቁመው ለእናቴ ሶፍት አመጡላት፤ ለራሳቸውም ወሰዱ። ከዚያ መልሰው አስጀመሩትና እስከ መጨረሻው አየነው። አሠሪዬ ልጅ አልነበራቸውም፣ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤትም የሚያስታውሱት ነገር አልነበረም። ለምን እንዲህ እንዳለቀስን ግን አልጠየቁንም። ወጥተው ከጎረቤቱ ምግብ ቤት የዓሣ ሾርባ ይዘውልን መጡ፤ ሥጋ እንዳይነካው ወጥ ቤት ድረስ ገብተው ድስቱን አይተው ነው ያመጡት።

ታሪኩ ግን ሱቁ ውስጥ አልቀረም። አውሮራ የምናውቃቸው የሙስሊም እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በየተራ ቤታቸው ይጠራሩ ነበር። እናቴ እዚያ ሄዳ የደሴቱን ልጅ ነገር፣ ጎረቤት ላይ የደረሰ ይመስል፣ ከመጀመሪያው ጀምራ አወራቻቸው። መጨረሻውን ግን ከለከለቻቸው። አንዲት አስመራ አማርኛ ተምረው ያደጉ ኤርትራዊት «ልጅቷ ተገኘች ወይስ ቀረች? እንቅልፍ አይወስደኝም እኮ!» ብለው ቢለምኗትም እምቢ አለች።

በሚቀጥለው ሳምንት ከምሳ በኋላ የሱቁ በር ተከፈተና ሻሽ ያሰሩ እናቶች ተከታትለው ገቡ። የጫማቸውን በረዶ እያራገፉ፣ ቀዝቃዛ አየር ይዘው፣ ሱቁን ሞሉት። አሠሪዬ መጀመሪያ ደነገጡ፤ መንገድ የጠፋባቸው ሰዎች መስለዋቸው ነበር። እናቴ ግን ወደ መደርደሪያው ሄዳ፣ በመልኩ ለይታ፣ የመጀመሪያውን ካሴት አወጣች። አሠሪዬ ገባቸውና ከጎረቤቱ ፀጉር ቤት ወንበር ሊዋሱ ሮጡ።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ጭጋጉ መጣ፤ ቀጭኗ ልጅ ከጀልባው ወረደች። ልተረጉምላቸው ከባንኮኒው ስጠጋ እናቴ በእጇ ወደ ካሴቶቼ መለሰችኝ። አንድ ቃል ኮሪያኛ የማታውቀው እናቴ፣ ከአሠሪዬ ጎን ተቀምጣ፣ ለሁሉም በአማርኛ ትተረጉምላቸው ጀመር።