ከሥር የተቀመጠችው ፌስታል

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ዲፕ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው አብሮ ስድብ ይገዛል። የእኔን አራት ሰው ተሸክሞ ከመኪና ሲያወርደው መንገድ ዳር የቆመው ሁሉ ሥራ አገኘ።

«የመንዝ ብርድ አንሶት ነው?» አለ አንዱ።

«በሩን ከፍቶ ቢተኛ አይበቃውም ነበር?» አለ ሌላው። ፍሪጁ ረጅምና ነጭ ስለሆነ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ሣጥኑ» ሆኖ ቀረ። «ሣጥኑ ደህና አደረ?» ይሉኛል፣ እንደ ሰላምታ።

የበግ ነጋዴ ነኝ። ከቀየትና ከጓሳ ሥር ካሉ ገበሬዎች እገዛለሁ፣ ለደብረ ብርሃን ነጋዴዎች አስረክባለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ገበያ አስተማረኝ፤ ገበያ ሲያስተምር ደግሞ ደብተር አያስይዝም፣ በጥፊ ነው።

ፍሪጁን የገዛሁት ለጌጥ አልነበረም። በዚያ ዓመት የሁዳዴ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው አራት በግ እጄ ላይ ቀረ። ጾሙ ከገባ ሃምሳ አምስት ቀን በግ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሣሩ ደርቋል፣ ጭድ በገንዘብ ነው፣ የበጋ በግ ደግሞ ሲሰነብት ቆዳው ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ለሚስቴ እንዲህ አልኳት፤ «በግ ሃምሳ አምስት ቀን ይበላል። ፍሪጅ አይበላም። አራቱንም በቅበላ አርደን ለፋሲካ እናቆያቸው። ለፋሲካ የሚመጣውን በግ ሁሉ እሸጣለሁ፣ የእኛ ግን ታርዶ ይጠብቃል።» ሚስቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ቋንጣ የድሮ ሰው ምግብ ነው ብላ የምታምን። ደስ አላት።

አሁን እህቴን ላምጣ፤ ነገሩ የሷ ነው።

አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ፤ ባሏ የሞተባት፣ ከእኛ ቤት አንድ ቅያስ ወረድ ብላ የምትኖር። እትዬ እላታለሁ። ንግድ ስጀምር የመጀመሪያዋን በግ ከራሷ በረት አውጥታ የሰጠችኝ እሷ ናት። በየዓመቱ በቅበላ ዕለት በማለዳ ሁለት ዕቃ ይዛ ትመጣለች፤ ቢላዋና ጎድጓዳ ሳህን። ጨጓራና አንጀት እንደሷ የሚያጥብ በአካባቢው የለም። ስለ ድካሟ ዋጋ ማንም አያነሳም፤ ልማዱ ራሱ ይከፍላታል። በእኛ አገር ቋንጣ ሆኖ ያልተሰቀለ ሥጋ ጾም አይገባም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተረፈው ወጥ ከቤት ይወጣል፤ ከእኛ ቤት የሚወጣው በሷ ሳህን ነው።

ብቻዋንም አትበላውም። እንደሷ ባል የሌላቸው ሁለት ጎረቤቶች አሏት። በቅበላ ማታ እነሱ እንጀራና ጠላ ይዘው ቤቷ ይቀመጣሉ፣ እሷ ወጡን ይዛ ትገባለች። ዓመቱን ሙሉ ሰው ቤት ሽንኩርት ስትልጥ የምትኖር ሴት በዚያች ማታ ጋባዥ ናት። ድግሷ ይኸው ነበር፤ ሌላ የላትም።

ያን ቀን እትዬ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ሥር ቁጭ ብላ የአራት በግ ጨጓራና አንጀት ታጥባለች። ውሃው ጣት ይቆርጣል። እኛ ቤት ውስጥ ፍሪጅ እንሞላለን።

መጫን አውቃለሁ። የጭነት መኪና ላይ መጨረሻ የሚወርደው ዕቃ መጀመሪያ ይጫናል፤ ይህን ያላወቀ ነጋዴ መንገድ ላይ ጭነቱን ሲገለብጥ ይመሻል። ፍሪጁንም እንደዚያ አሰብኩት። የፋሲካ ዕለት የሚበላው ከላይ፣ የሳምንቱ ከመሐል፣ አጥንቱ ከታች። ጭንና ወርች በጥቁር ፌስታል፣ ጎድን በነጭ፣ አጥንት በሰማያዊ። የጾሙ ምግብ ከሥጋው ጋር እንዳይነካካ ስልጆውና ተልባው ቀድሞ በነበረን ትንሽ ፍሪጅ፣ ለብቻው። ሚስቴ የተሠራውን ወጥ እንኳ በላስቲክ ዕቃ አድርጋ ከደነችው። ጠብታ አልቀረም።

«የእትዬስ?» አለችኝ።

«ይቀመጥላታል።»

አልዋሽም፣ ደህና ሥጋ ነው የቆረጥኩላት፤ ከጭኑም ከጎድኑም። በትንሽ ፌስታል አድርጌ በቀይ ክር አሰርኩት። ከዚያ ከሁሉ በፊት፣ ከአጥንቱም ሥር፣ የፍሪጁ ወለል ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ብሰጣት ሥጋ በየቤቱ በሞላበት ቀን ነው፤ ማን ያመሰግናል? ከፋሲካ በኋላ የሰው ቤት ሁሉ ባዶ ሲሆን ግን ይቺው ፌስታል ስጦታ ትሆናለች። ሰው ሁሉ በጠገበበት ቀን ዕቃህን አታውጣ፤ ገበያ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም ለእህቴ አደረግኩት።

ፀሐይ ዘንበል ስትል እትዬ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ገባች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠረጴዛው ተወልውሏል።

«ወጡስ?»

«ገብቷል» አልኳት።

«የት?»

«ፍሪጅ።»

«ታዲያ ይወጣላ!»

«ከገባ አይወጣም፣ እትዬ። ከተከፈተ ብርዱ ይወጣና ሁሉም ይበላሻል።»

ውሸት ነው። በዚያ ሰዓት ፍሪጁ ገና ለብ ያለ ነበር።

«ዛሬ እኮ ቅበላ ነው» አለች።

ሚስቴ መሬት መሬት አየች። እኔ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ ከማዳበሪያው ምስር ዘግኜ ሳህኗን ሞላሁት። «ለነገ ይሆንሻል» አልኳት። ምስር! በቅበላ! ሳህኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ነጠላዋን አጣፋችና ወጣች።

የሆነውን ከሁለቱ ጎረቤቶቿ አንዷ በሳምንቱ ወፍጮ ቤት ለሚስቴ ነገረቻት። መሶቡን ከፍተው፣ ጠላውን ቀድተው ሲጠብቁ እትዬ ገባች። ሳህኑን መሐላቸው አስቀመጠችና፣ «ወንድሜ ጾሙን አንድ ቀን አስቀደመልን» አለች። ሌላ ምንም። «ምስሩ እስኪበስል ጠላው አለቀ» ብላለች ሴትየዋ፤ ወፍጮ ቤት የነበረው ሁሉ እየሰማ።

እትዬ ከዚያ ወዲያ ለሳምንታት ቤቴን አልረገጠችም።

በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት መብራት ጠፋ። ነፋስ ምሰሶ ጣለ አሉ። በመጀመሪያው ቀን፣ «ለመንዝ መብራት ምን ያደርጋል፣ ብርዱ አለ» ብዬ ቀለድኩ። በሁለተኛው፣ ማንም እንዳይከፍተው አልኩ። በአራተኛው ቀን ከፍሪጁ ሥር ቀላ ያለ ውሃ ወጣ።

እዚህ ላይ ብልህነቴ ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ። ሥጋ ሊበላሽ ሲል ሰው ይጠራል፣ ይበላል፣ ይመረቃል። እኔ ግን አራት በግ ያቀለጥኩት በሁዳዴ መሐል ነው። ልስጥህ ብል የሚቀበለኝ ክርስቲያን የለም። ውሻ ብቻ ነው የማይጾመው። መንገድ ዳር ያሉትም ሰምተዋል። «ሣጥኑ ሸተተ አሉ፤ መቼ ነው የምንቀብረው?» አለኝ ያ በር ከፍተህ ተኛ ያለኝ።

የቀረው ቋንጣ ማድረግ ነው። ሚስቴ አንድ ጭን ሞከረች፤ ቋንጣ ሳይሆን የሱሪ መጣፊያ ሆነ። ስለዚህ ቅያሱን ወረድኩ።

እትዬ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ያንኑ ምስር ሳይሆን አይቀርም። ግባ አላለችኝም።

«እትዬ፣ ሥጋው ሊበላሽብኝ ነው።»

«በሁዳዴ ሥጋ አትጥራብኝ። ሌላ ስም የለውም?»

«ዕቃው።»

«ዕቃው ምን ሆነ?»

«ሊሸት ነው።»

«ከገባ አይወጣም አላልከኝም?»

ጎንበስ ብዬ ከምስሯ አንድ ጠጠር ለቀምኩላት።

«ድገመው እስቲ፣ አልሰማሁህም። ምን ሊሆን ነው?»

«ሊሸት ነው፣ እትዬ።»

ሦስት ጊዜ አስባለችኝ፤ ጎረቤት በየበሩ እስኪወጣ። ከዚያ ምስሯን ከደነች፣ ቢላዋዋን አነሳች። ሳህኑ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። አየሁት።

ቤቴ እንደደረስን እኔ ከፍሪጁ ከላይ ጀምሬ እያወጣሁ አቀብላታለሁ፣ እሷ ትዘለዝላለች። «የበግ ስብ ቋንጣ ላይ ከቀረ ይከረፋል» እያለች ስቡን ገፍፋ ትጥላለች፤ ሥጋው ከእጇ እንደ መቀነት እየተዘረጋ ይወርዳል። ሚስቴ ጨው አቀረበችና፣ «ስንት ላድርግ፣ እትዬ?» አለቻት።

«ጨዉን ለእኔ ተይው።»

ስለ እጇ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ቅዳሜ ለሚበላ ሠርግ ወጡ ዓርብ ሲሠራ፣ ቀኑ ጾም ስለሆነ ወጥ ሠሪዎቹ መቅመስ አይችሉም። ያኔ ጨው እንድትጨምር የምትጠራው እትዬ ናት። ሳትቀምስ፣ በእጇ ብቻ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ድስት ስታበላሽ አልታየም።

ጥቁሩ አለቀ፣ ነጩ አለቀ፣ አጥንቱ ወጣ። እኔ የረሳሁትን እሷ ጎንበስ ብላ አየችው። እጇን ሰድዳ ትንሿን ፌስታል ከወለሉ አነሳች።

«ይቺስ? ቀይ ክር ያሰራችሁላት?»

ሚስቴ ተሽቀዳደመች፤ ደግ ያደረገች መስሏት። «የእርስዎ ናት፣ እትዬ! ለፋሲካ ብለን ነው ያስቀመጥንልዎ።»

እትዬ ፌስታሏን በእጇ መዘነቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መጀመሪያ የገባው መጨረሻ ነው የሚወጣው አይደል?»

«አዎ።»

«ከአጥንቱም በኋላ?»

አንካሳ በግ እንደ ደህና አድርጌ የምሸጥ ሰው ባዶውን ፍሪጅ መጥረግ ጀመርኩ።

እትዬ ክሩን ፈታች፣ ሥጋውን ዘለዘለች፣ ጨው አደረገችበት። ያንን በሦስት ጣቷ ነው የቆነጠረችው። የኛን በጭብጥ ነበር። ማየቱን አይቻለሁ፤ ጥቂት ሥጋ ጥቂት ጨው ነው ብዬ አለፍኩት። የሷን ከገመዱ ጫፍ ለብቻው ሰቅላ ቀዩን ክር ምልክት አሰረችበት። ቢላዋዋን ጠርጋ ሄደች። መብራቱ በማግስቱ መጣ።

ለፋሲካ የገዛሁትን በግ ሁሉ ሸጥኩ። ለራሴ አንድም አላስቀረሁም፤ የእኔ ቤት ቋንጣ ሞልቷል። በበዓሉ ጠዋት ሚስቴ ቀይ ክር ያለበትን ለእትዬ አድርሳ መጣች፤ የኛን ፈርፍራ አቀረበች። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ አፍ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ ውሃ ጠየቁ። ቀጥሎ ሚስቴ በመዳፏ ተፋች። እኔ ጉሮሮዬን አቃጥሎኝ ዋጥኩት፤ አልሸነፍም ብዬ። ጨው በሥጋ ተጠቅልሎ ማለት ነው። ሌላውን በውሃ ብንዘፈዝፈው ውሃው ወጥ ሆነ፣ ሥጋው ጨው እንደሆነ ቀረ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ስለ ጨው ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ተነስቼ ቅያሱን ወረድኩ። የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነው የሄድኩት።

ሦስቱ ሴቶች መሶቡን ከበው ተቀምጠዋል። ጎድጓዳው ሳህን መሐላቸው ነው፤ በቋንጣ ወጥ ተሞልቷል። «እንኳን አደረሰህ! ግባ እንጂ» አለች እትዬ። ገና ሳልቀመጥ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። የፋሲካ ጉርሻ አይመለስም። ተቀበልኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠ ቋንጣ በልቼ አላውቅም።

«ጨው እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ልክ ነው።»

«ተመስገን። ጾም ስለነበር አልቀመስኩትም፤ ፈርቼ ነበር።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ሳህኑ አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያዘጋጀሁትን ንግግር ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት። ምን ልበል? ሆን ብለሽ ነው ልበላት? በጾም መቅመስ ነበረብሽ ልበላት?

የቀረውን ቋንጣ መናኸሪያ አጠገብ ላለ ምግብ ቤት ሸጥኩት። «ያስጠማል፤ ቢራህን ያሸጥልሃል» አልኩት፤ አላታለልኩትም። ሰውየው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።

ፍሪጁ አሁንም አለ፤ አሁንም እሞላዋለሁ፣ በዚያው ረድፍ። በዓመቱ ቅበላ እትዬ ቢላዋና ሳህኗን ይዛ መጣች። አመጣጧን አላመንኩትም። ወጡ ገና ድስቱ ውስጥ እየፈላ፣ ፌስታል ሳይፈታ፣ የፍሪጁ ክዳን ሳይነሳ ሳህኗን እስከ አፉ ሞላሁላት። ከፍቅር ነው አልልም፤ ጨው ፈርቼ ነው። በጣቷ ጫፍ አንዴ ነክታ ወደ አፏ አደረገች።

«ጨው አንሶታል» ብላ ሳህኗን ታቅፋ ወጣች።