በወንዝ ዳር ያለው የአራስ ጎጆ

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ወንዝ ዳር፣ ለጎብኚ ተብሎ የአራስ ጎጆ ተሠርቷል። ወጣቱ አስጎብኚ «እናቶቻችን የሚያርፉበት ነበር፤ ገነት በሉት!» አለን። የእርጥብ ሣር ክዳኑ ሽታ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ።

ገና ኢትዮጵያ ሳለን ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በእኛ በቤተ እስራኤል ልማድ ከመንደራችን በታች ወንዙ ዳር ባለው ጎጆ ተለይታ ተቀምጣለች። ምግቧን ጎጆውን ከከበበው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ፤ ድንጋዩን ማለፍ ያረክሳል። አንድ ጠዋት የሕፃኑ ድምፅ አልተሰማም። እናቴ ከበሩ ሆና «ልጄ፣ ስም መፈለጉን ይተው በይው አባትሽን» አለችኝ። ስም ያገኘችለት መስሎኝ እየዘለልሁ ሄጄ ነገርሁት።

አባቴ እየሮጠ ወርዶ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነው አለቀሱ።

የዛሬው ጎጆ ድንጋይ የለውም፤ ለፎቶ አይመች ይሆናል። ማንም ሳይከለክለኝ ገባሁ፤ አርባ ዓመት ዘግይቼ።