ጋሽ ዱካለ ስለ እኔ የመሰከሩት

አልተጠመቅሁም።

ዲላ በሚገኘው ባፕቲስት ጉባኤያችን ስንት ዓመት ዲያቆን የምትሉኝ፣ ወንዝ ዳር ቆሜ ከውሃ ለሚወጡት ጋቢ የማለብሰው እኔ፣ አንድም ቀን ለጥምቀት ውሃ ውስጥ አልገባሁም። እስከ ዛሬ ይህን የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ብቻ ነበርን።

ጠዋት ከመዘምራኑ አንዷ ደውላ "ጋሽ ዱካለ አረፉ" ስትለኝ "የትኛው ዱካለ?" አልኳት። ሌላ ዱካለ እንደሌለን እያወቅሁ። "የእኛው ናቸዋ!" ብላ አለቀሰች። ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ እሺ አላለኝም።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጉባኤው ሲጀመር አዳራሽ አልነበረንም። የጋሽ ዱካለ ሳሎን ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው፣ ከቡና ማስጫ የተረፈ ጣውላ ላይ ተደርድሮ። የሴቶች የጸሎት ኅብረቱም፣ የየሰፈሩ የቤት ኅብረትም ከዚያች ሳሎን ነው የወጣው። ሕመምተኛ ጠያቂ ቡድኑ የተጀመረው ከባንኮ ጎቲቲ የመጣ አንድ በሽተኛ ዘመድ አጥቶ ሆስፒታል ሲተኛ ነው። "ማን ይጠይቀው?" ሲባል ጋሽ ዱካለ ጫማቸውን እያሰሩ ነበር።

እኔና ባለቤቴ ዘነበች ከይርጋጨፌ ስንመጣ የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። አባል ለመሆን ወይ መጠመቅ፣ ወይ ከነበርክበት ጉባኤ ደብዳቤ ማምጣት ነበረብህ። ለመጠመቅ ደግሞ ትምህርት አለ፤ ተራ በተራ ቆሞ ጥቅስ ማንበብ አለ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። በኋላ ማንበቡን ብለምደውም፣ ያኔ ዘነበች ፊት ፊደል እየቆጠርኩ መንተባተብ ሞት መሰለኝ። "ከመጋባታችን በፊት ይርጋጨፌ ተጠምቄያለሁ" አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ "ደብዳቤውስ?" አለ።

ጋሽ ዱካለ ቀደሙት። "ሰውዬው ቃሉን ሰጥቷል። ወረቀት ከሰው ቃል ይበልጣል እንዴ?"

ይህችን አነጋገራቸውን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባልና ሚስት ሲያስታርቁም፣ የድንበር ጠብ ሲያበርዱም ይሏት ነበር። ስለ እኔ ሲሏት ግን ቃሌ ውሸት ነበር።

ዘነበች ተምራ ተጠመቀች። ወንዝ ውስጥ የያዟት ራሳቸው ጋሽ ዱካለ ናቸው። እየተንቀጠቀጠች ወጥታ ጋቢውን ሳለብሳት "የአንተስ ቀን እንዲህ ይበርድ ነበር?" አለችኝ።

"ከዚህም ይብስ ነበር" አልኳት።

ካረፈች አራት ዓመቷ። ያችን መልሴን እውነት ብላ ይዛ ነው የሄደችው።

በየዓመቱ "ዘንድሮ እናገራለሁ" እላለሁ። በየዓመቱ ኃላፊነት ይጨመርልኛል። እምቢ ስል ትሕትና ይመስላቸውና ይብሱኑ ይመርጡኛል።

ባለፈው ወር ታመው ልንጠይቃቸው ሄድን። ቡድኑ ጸልዮ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። ከአልጋቸው ቀና ብለው "ምነው፣ ቀበሌ እንደጠራው ሰው ፊትህ ጠቆረ?" አሉኝ።

"ምንም የለም ጋሼ።"

"ምንም ከሌለ ምን ጎለተህ? ቆጮዬን ልትጨርስብኝ ነው?"

ሳቅሁ። እየሳቅሁ ወጣሁ። ደጅ ስደርስ ልመለስ አሰብኩ፤ ሌላ ቀን አለ ብዬ ሄድኩ። ፍርሃቴን ይሉኝታ እያልኩ ስጠራው ኖሬያለሁ።

ጋሽ ዱካለ፣ ለእርስዎ መንገር የነበረብኝን ለሌሎች ነገርኩ። ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሽማግሌዎቹ ስለ ነገው ቀብር ሲነጋገሩ፣ ከፊት ሆኜ ጸሎት እንድመራ እኔን መደቡኝ። ተነስቼ "አይገባኝም። አልተጠመቅሁም፤ ዋሽቻችሁ ነው" አልኩ።

ልጅዎ አልማዝ "አባዬ ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

"አያውቁም። አምነውኝ ነው" አልኳት። ፊቷን አዞረች። አልፈርድባትም።

"ይቅር ብዬሃለሁ" ሲሉኝ መስማት ቀረብኝ፤ ቅጣቴ እሱ ነው። ዘነበችን ካገኟት እውነቱን ይንገሯት። በጌታ ሰላም ይረፉ፣ አባቴ።

ከድንኳኑ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤት ሄድኩ። የጥምቀት ትምህርት የምታስተምረው እህት አዳራሹን እየጠረገች ነበር።

"ጋሼ፣ ማንን ሊያስመዘግቡ ነው?" አለችኝ።

"ራሴን" አልኳት።

መጥረጊያዋን አስቀምጣ መዝገቡን ሰጠችኝ። ከልጅ ልጆችዎ ስም በታች ስሜን ጻፍኩ።